የቅዳሜው ውይይት፦ ሞትና ቀብር በፈረንሳይ የሕትመት ሥዕሎች

የተከበራችሁ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው የንባብ ክፍላችን የምንሰበሰበው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የሕትመት ሥዕሎች ሞትንና ቀብርን እንዴት እንዳሳዩ ለመወያየት ነው። መነሻችን በዛሬዋ ሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ የሚገኘው የሎሬን ግዛት ተወላጅ ዣክ ካሎ የሠራቸውና በ1633 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ የታተሙት፣ የጦርነትን መከራ የሚያሳዩ 18 ሥዕሎች ናቸው። በተለይ ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ የተሰቀሉበትን ሥዕል አስቀድማችሁ በእርጋታ እንድትመለከቱት አደራ እላለሁ፤ መሰላል ላይ ቆሞ ለሚሞተው ሰው መስቀል የሚያሳየውን ካህን ሳያስተውሉ ማለፍ ቀላል ነውና። የሥዕሎቹ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አጉሊ መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ እለምናለሁ።

ቀጥሎ የዚያው ዘመን ፈረንሳዊ የሕትመት ሠዓሊ አብርሃም ቦስ ሙታንን መቅበርን ከምሕረት ሥራዎች እንደ አንዱ አድርጎ የሣለበትን ሥዕል ከካሎ ጎን አስቀምጠን እናያለን፤ በእኔ እምነት የውይይቱ ዋና ፍሬ ይህ ንጽጽር ነው።

ቦስ በ1645 ያሳተመውን በመዳብ ላይ በአሲድ የመቅረጽ መመሪያ በቀጣዩ ስብሰባ እናጥና ወይስ አናጥና የሚለውንም በዕለቱ ስለምንወስን፣ መገኘታችሁንና ሐሳባችሁን እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ መስመር እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።