የዘማች አባቶቻችንን ፎቶ ከመስተዋት አትላጡ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወደ ምሥራቅ ግንባር የዘመቱ አባቶች ፎቶ በደሴና በወልዲያ ቤቶች ዛሬም በመስተዋት ፍሬም ተሰቅሎ ይታያል። ልጆች የአባታቸውን የዘመቻ ታሪክ በፎቶ ለመሰነድ ሲነሱ ግን መጀመሪያ የሚያበላሹት ያንኑ ነው። ምስሉን የያዘው የፎቶው የጄላቲን ሽፋን በክረምት እርጥበት ለስልሶ መስተዋቱን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሲላጥ የአባት ፊት መስተዋቱ ላይ ይቀራል። እባካችሁ፣ ከነመስተዋቱ አንሱት፦ ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ የመስኮት ብርሃን በጎን አድርጋችሁ፣ ነጸብራቅ እንዳይገባ ከስልኩ ኋላ ጥቁር ጨርቅ ይዛችሁ። ያልተጣበቀ ፎቶ ከሆነ ጀርባውንም አንሱ፤ የስቱዲዮ ማኅተም ሊኖር ይችላል። ስም በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ይዘልቃል።

ከዚያ አዲስ ፎቶ ለማንሳት ካሜራውን ለአባት ስጡ፤ ማን የት ቆሞ እንደሚነሳ እሳቸው ይወስኑ። ታሪካቸውን በድምፅ ስትቀዱም «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ከማለት የድሮውን ፎቶ እያሳያችሁ «አባባ፣ አጠገብዎ የቆመው ማነው?» ማለት ይሻላል። ዝም ካሉ ድምፅ መቅዳቱ ይቁም፤ ሌላ ቀን ይቀጠላል።

ፎቶ አንሺዎች፣ ከደሴ