መሪው ዞሯል፤ መብራቱስ?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ በርሚንግሃም ብርዱ ገብቷል፤ ሥራም በዝቷል።

ባለፈው «ጃፓን ላይ በሰላም ሲነዳ የኖረ መኪና እንግሊዝ ሲገባ ለምን እንደገና ይፈተናል?» ብለው ጠይቀውኝ ስልኩ ተቋረጠ። ዕድሜዎን በሙሉ ጋራዥ ስለኖሩ በደንብ ልጻፍልዎ።

ከውጭ የመጣ መኪና በገባ በ14 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይመዘገባል። ለጃፓን ገበያ የተሠራና 10 ዓመት ያልሞላው ከሆነ የዚህን አገር ደንብ ማሟላቱ የሚታይበትን፣ አይቪኤ የሚሉትን ፈተና ካላለፈ ታርጋ አያገኝም። 10 ዓመት ካለፈው ከዚህ ፈተና ነፃ ነው። እንደኛ ቦሎ ያለው ዓመታዊ ምርመራ ግን አይቀርለትም።

የምሠራበት ጋራዥ መኪኖችን ለዚህ ፈተና ያዘጋጃል። ሞተር ብዙም አንነካም። የፍጥነት መቁጠሪያው በኪሎ ሜትር ስለሆነ ማይል እንዲያሳይ እናደርጋለን። ከኋላ ለጭጋግ የሚበራ ቀይ መብራት ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች የላቸውም፤ መሐል ላይ ወይም በስተቀኝ እንገጥማለን። ሻንሲ ቁጥሩም ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል።

እኔን የገረመኝ የፊት መብራቱ ነው። አጭሩ መብራት፣ ማለትም ከፊት የሚመጣውን እንዳይወጋ ዝቅ ብሎ የሚበራው፣ በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም። የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ በአንድ ጎን ከፍ ይላል። በግራ በሚነዳበት አገር በግራ፣ በቀኝ በሚነዳበት በቀኝ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከጀርመን የመጣ መኪና እዚህ ማታ ሲነዳ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መብራቱ ካልተስተካከለ ፈተናውን ይወድቃል። የጃፓኖቹ ግን ችግር የለባቸውም፤ እነሱም በግራ ነው የሚነዱት።

ይህን ሳውቅ የኛዎቹ ቪትዞች ትዝ አሉኝ፤ ዱባይ ላይ መሪያቸው ዞሮ የገቡት። መሪው ወደ ግራ ሄደ፤ መብራቱ ካልተቀየረ ግን አሁንም የተሠራው ለጃፓን መንገድ ነው። ታናሼ ደግሞ እንዲሁ በገባው ቪትዙ ማታ ማታ ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። ከፊት የሚመጣው የሲኖ ሾፌር ዓይኑ ከጠፋበት የሁለቱም ሕይወት አደጋ ላይ ነው። እውነቴን ነው አባባ፣ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

እባክዎ ማታ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት ያቁሙትና አጭሩን ያብሩት። የብርሃኑን የላይ ጠርዝ ይዩ። ወደ ቀኝ ከፍ ካለ ደህና ነው። ወደ ግራ ከፍ ካለ ግን ሁለቱም መብራቶች ይቀየሩ። አምፖል ብቻ መለወጥ ዋጋ የለውም። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ እስኪቀየር ድረስ በማታ አይንዳ።

ለታናሼ ከዚህ መኪና ልግዛልህ ያልኩት ነገር ግን አይሆንም ብለው ይንገሩልኝ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገራችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ የዚህ አገር ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ደላላ ቀብድ ቢጠይቀው እንዳይሰጥ።

ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ግድግዳው ላይ ያዩትን እሑድ ስደውል ይነግሩኛል።

ልጅዎ

በርሚንግሃም