ቤዟ ልጄ ሆይ

የኔ ልጅ፣

ጥንድሽ የነበረችው ጓደኛሽ አክሮባቲክ ጅምናስቲኩን፣ አክሮውን፣ ካቆመች ወዲህ ዝምታ አብዝተሻል። ፊት ለፊት ሳወራሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ትገላገይኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ሲመችሽ አንብቢው።

ለእናትሽ «ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው» ብለሻታል አሉ። በዚህ አንስማማም።

ዘመድ አዝማዱ ባገኘሽ ቁጥር «ኦሎምፒክ ላይ የምናይሽ መቼ ነው?» ይልሻል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንደሚያምሽም አውቃለሁ። አክሮባቲክ ጅምናስቲክ ኦሎምፒክ ላይ የለም። የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ1974 ሞስኮ ላይ ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦነስ አይረስ ላይ በተካሄደው የወጣቶች ኦሎምፒክም ድብልቅ ጥንድ፣ ማለትም የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጥንድ፣ ገብቶ ነበር። ዋናው ኦሎምፒክ ግን አላስገባውም። ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ? ሌላ ጊዜ ሲጠይቁሽ ለኔ ተይልኝ፣ እኔ እመልስላቸዋለሁ።

አንቺ ቤዝ ነሽ፣ ከታች ሆነሽ የምትሸከሚው። ሰው ዓይኑ ከላይ የምትቆመው ቶፗ ላይ ነው፣ ጭብጨባውም ለእሷ ነው የሚመስለው። እኔ የማየው እጅሽን ነው። ጓደኛሽ መዳፍሽ ላይ ተዘቅዝቃ በእጇ ስትቆም እሷ ድርቅ ብላ መቆየት ነው ያለባት። ሚዛኑን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። ትንሽ ልታዘነብል ስትል አንጓሽ በስሱ ይዞራል፣ ጣቶችሽ ይጠብቃሉ፣ እሷም ትመለሳለች። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም የተፈጠረ አይመስለውም። ዳኞቹ ሦስት ሰከንድ ይቆጥራሉ። ክንድሽ ላይ ጅማቱ ተገትሮ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ግን ፈገግ ትያለሽ። ፊት ከተጨማደደ ነጥብ ይሄዳላ! ከዚያ እሷን በሰላም አውርደሽ ትቀጥያለሽ። ሙዚቃው ከ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አያልፍም፣ ነጥቡም ለሁለታችሁ አንድ ነው። እንደዚህ ሰው አምኖሽ አናትሽ ላይ እንዲቆም ማድረግ ውሃ የሚበላው ነገር አይደለም።

ጓደኛሽ ቁመት ጨመረች። ቶፕ ሲያድግ ጥንድ መፍረሱ በእናንተ ስፖርት የተለመደ ነው። እሷ አልከዳችሽም፣ አንቺም አልጣልሻትም።

አሁን ወደ ቀጣዩ እንምጣ። አሰልጣኝሽ ቅዳሜ አዲስ ቶፕ ልታሞክርሽ አስባለች። ልጅቷ ገና ትንሽ ናት፤ ከሀ እንደመጀመር ነው። ይከብድሻል፣ ግን ስታስተምሪ አይቼሻለሁ፣ ትዕግሥት አለሽ።

እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ ኮሌጁ ነው። እዚሁ ቴክሳስ አጠገባችን ዌኮ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የአክሮባቲክስና ተምብሊንግ (የመገለባበጥ) ቡድን አለው፤ ከዳላስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የሴቶች ስፖርት ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአዳዲስ የሴቶች ስፖርቶች ተርታ አስገብቶታል። ቤይለር ደግሞ ከ2015 ወዲህ የአገሪቱን ዋንጫ በላይ በላዩ ሲወስድ የኖረ ቡድን ነው። ካንቺ አክሮ ይለያል። ፒራሚድ አለው፣ ሰው ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ አለው፣ ስድስት ዙር በቡድን ነው የሚወዳደሩት። ቤዝ ግን እዚያም ቤዝ ነው። እንዳንቺ ዓይነት ክንድ በአንድ ክረምት አይሠራም፣ አሰልጣኞቹም ያውቁታል። ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ። ቪዲዮዎችሽን አብረን እንምረጥና እንላክ።

ሰርከስም አለ። ከአክሮ ወጥተው ትልቁ የካናዳ ሰርከስ ሰርክ ዱ ሶሌይ የገቡ ብዙ ናቸው። የእኛም ሰዎች ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተመሠረተ፤ ከዚያ በኋላ በየከተማው ልጆች ትከሻ ላይ ተደራርበው መቆም ተማሩ። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያም ኤድንብራ ድረስ ሄዶ ሕዝብ አስጨብጭቧል። ይሄን የምነግርሽ አያትሽ «ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?» ሲሉ የምትመልሺው እንዳታጪ ነው።

ማቆምም ትችያለሽ። የከፈልነውን ብር እያሰብሽ እንዳትቀጥይ። ለኔና ለእናትሽ ምንም ዕዳ የለብሽም። ደክሞኛል ካልሽ ደክሞሻል፤ አለቀ። አፍሬ ነው ያቆምኩት እንድትዪ ብቻ አልፈልግም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የግራ አንጓሽን በቴፕ ጠቅልለሽ «ምንም አይደለም» ማለት አብዝተሻል። የሻንጣሽን ዚፕ በቀኝሽ ብቻ ስትከፍቺ አይቼሻለሁ። ሐኪም ሳያይሽ የቅዳሜው ሙከራ የለም። ሐሙስ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጪ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ለአሰልጣኝሽም ነግሬያታለሁ።

ደግሞ ለጓደኛሽ ደውይላት። እናቷን ሱቅ አግኝቻት ነበር፣ ልጇ ስልክሽን እየጠበቀች ነው አለችኝ።

አባትሽ