የቅዳሜው ስብሰባ፦ መጠይቁን እንጨርስ

ሰላም ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ደብረ ማርቆስ ላይብረሪው በር ላይ እንገናኝ፣ ተምረው ውጭ የሄዱ ነርሶች ላይ የምንሰራውን ጥናት መጠይቅ ለመጨረስ ነው። ከደጀንና ከቢቸና የምትመጡ በጊዜ ተነሱ።

ዋናው የምንወስነው "ዘር" የምትለዋን ቃል ነው። ባለፈው ለሙከራ በቴሌግራም ያናገርናት ሜልቦርን ያለች ነርስ "ዘርሽ ስራ ላይ ችግር ፈጥሮብሽ ያውቃል?" ስንላት ትንሽ ዝም ብላ "ብሔሬን ማለታችሁ ነው?" አለችን። እኛ ጋ ቃሉ ወዲያው ወደ ብሔር ስለሚሄድ እኔ በግሌ "በቆዳ ቀለምሽ ወይ በአነጋገርሽ" ብለን በቀጥታ ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ደሞ ዲግሪያቸው ሳይታወቅላቸው አረጋውያን እንክብካቤ ቤት የሚሰሩትን "አልተሳካላቸውም" ብለን እንዳንጽፍ፣ የሙያ ፈቃዱ አሰጣጥ ራሱ የፍትህ ጥያቄ ነውኮ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (በፈረንጅ) ያወጣውን የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር ደንብ አንብባችሁ ኑ። ድርጅቱ በ2023 የባለሙያ እጥረት አለባቸው ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች መግቢያው ላይ ያስፈልገናል።

የስምምነት ቅጹን 2 ኮፒ፣ ስልካችሁን ደሞ ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ፣ ላይክ ብቻ አልቆጥርም።