ብቻሽን እንዳትገቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ከጅማ

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብቻ አክስትሽ ከሐዋሳ ከደወለች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለቀረባችሁ ሁሉ ልትናገሪ ሰኞ የፋብሪካው አለቃ ቢሮ ትገቢያለሽ አሉ። ልጄ፣ ብቻሽን እንዳትገቢ።

ዝም በይ አላልኩሽም። ስለ ዝምታማ እኔ ልንገርሽ።

ጋሼ እያልሽ ስትጠሪው ያደግሽው ሰው በዓል በመጣ ቁጥር በራችን ድረስ መጥቶ ቡና ሳይጠጣ ለምን ይመለሳል እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። ቡና መጋዘን አብረን ስንሠራ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ከለቀሙት ላይ ሚዛን እየተቀነሰ ይጻፍባቸው ነበር። ጸሐፊው እኔ ነኝ። እሱ ግፉ አንገሸገሸውና ብቻውን ገባ። አለቃው እኔን አስጠርቶ «እውነቱን ነው?» አለኝ። መዝገቡ ብብቴ ውስጥ ነበር። የሚዛኑን ድንጋይ እያየሁ «እኔ አላውቅም» አልኩ። ያን ቀን ማታ ሒሳቡ ተሰጥቶት ተሰናበተ። ሹራቡ ከምስማሩ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሲወዛወዝ ከረመ፤ ለማውረድ እንኳ እጄ አልታዘዘኝም። አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።

መብቱ ያኔም ተጽፎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 መደራጀትን፣ አንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ ከአሠሪ ጋር በኅብረት መደራደርን ይፈቅዳል። የጎደለው ከጎኑ የሚቆም ሰው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይቋቋማል ይላል። በአንቺ መስመር ብቻ ስንት ናችሁ? ተሰብሰቡ፣ መሪ ምረጡ፣ ደንብ አውጡ፣ አስመዝግቡ። ያለ ምስክር ወረቀት ማኅበር ነን ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ለትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዝሽ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት በ1.75 ይባዛል፤ ከዚህ በታች ድርድር የለም። ከዚህ በላይ ያገኛችሁትን ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት አስፍሩት፤ አለቃ ቢቀያየር ወረቀቱ አይቀየርም። የማኅበር አባል ነሽ ብሎ ማባረርም ክልክል ነው። ክልክል የሆነ ሁሉ ግን አይደረግም ማለት አይደለምና፣ ብቻሽን አትግቢ ያልኩሽን አትርሺ።

የሙከራ ጊዜሽ አልቋል? ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሑዶቹን አውጥተሽ ቁጠሪ። ውልሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የደመወዝ ወረቀቶችሽን ዶርም ውስጥ አታስቀምጪ፣ አክስትሽ ጋ ይሁኑ። ያላነበብሽው ላይ አትፈርሚ። ደግሞ ሳልሽ አልለቀቀሽም አሉ፤ ጤና ጣቢያ ሳትሄጂ ማር በሎሚ እያልሽ አትዋዪ።

የኔ ቆራጥ፣ በእኔ ያልወጣሽው ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ደስም ይለኛል፣ እፈራለሁም። ወንድምሽ ይህን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። እናትሽ በርበሬና ቆሎ አዘጋጅታለች፣ ሰው ሲገኝ ይመጣልሻል።

ሰኞ የሚገቡትን ሰዎች ቁጥር እሑድ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ። ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

አባትሽ