ቱቦው ከመከፈቱ በፊት፦ ስለ ውሻና ድመት የዓይን ቅባት

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የዓይን ቅባት ያለ ምርመራ የማንሸጥበትን ምክንያት እና ትክክለኛ አጠቃቀሙን ስለ መግለጽ

«ውሻዬ ዓይኑ ቀልቶ መግል ይዟል፣ ቅባት ብቻ ስጡኝ» ስትሉን «ይዛችሁት ኑ» ማለታችን ቅር እንደሚያሰኛችሁ እናውቃለን። ቴትራሳይክሊን 1% የዓይን ቅባት በአገራችን የማይታወቅበት ቤት የለም። ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ላይ ይቀባል፤ ለትራኮማም በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ሲታዘዝ ኖሯል። ታዲያ ለአራስ የሆነ መድኃኒት ውሻን ምን ያደርገዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅባቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው፣ ቅባቱ እየተቀባ ዋናው ችግር ሳይታይ የሚያልፈው ቀን ነው።

በውሻ ላይ ባክቴሪያ ብቻውን፣ ያለ ሌላ ምክንያት ዓይን ሲያሳምም እምብዛም አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር መንገዱን ከፍቶለት ነው የሚገባው። በተለይ ደጋግሞ የሚያታልለው የዓይን ድርቀት ነው፤ እንባ ሲቀንስ ዓይኑ ራሱን ማጠብ ያቅተዋል፣ ወፍራምና እንደ ሙጫ የሚጎተት ዓይናር ይይዛል፣ የዓይኑ መስታወትም (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ማብረቁን ይተዋል። ቅባት ሲቀባ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ቅባቱ ሲቆም ይመለሳል። «ይኸው ቅባቱ ሠርቶ ነበር» ተብሎ ሁለተኛ ቱቦ ይገዛል፣ ከዚያም ሦስተኛ። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው የሽርመር ወረቀት የምትባል ቀጭን ቁራጭ ናት፤ በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ትቀመጥና እንባው ያራሰው ርዝመት ይነበባል። 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ ከ10 በታች ድርቀት ያስጠረጥራል፣ ከ5 በታች ከሆነ ድርቀቱ የከፋ ነው። የዚህ መድኃኒት አንቲባዮቲክ ሳይሆን እንባ አመንጪውን ዕጢ የሚያነቃቃ ሳይክሎስፖሪን ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ መታጠፍ ነው። በትራኮማ የተጎዳ ሰው የዓይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ሲወጋው ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ፀጉሩ በእያንዳንዱ ጥቅሻ መስታወቱን ይፍቀዋል። ይህን ቅባት ያለሰልሰዋል እንጂ አያቃናውም፤ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሦስተኛው ባዕድ ነገር ነው። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ሹል የሣር ዘር ከሦስተኛው ቆብ (በአፍንጫው በኩል ካለው ውስጠኛ ሽፋን) ሥር ገብቶ ይቀራል። ምልክቱ ድንገተኛ ነው፤ ጠዋት ደህና የነበረ ውሻ ማታ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይገኛል። አንድ ዓይን ብቻ በድንገት ሲታመም እኛ ከባክቴሪያ በፊት ሣሩን እንፈልጋለን።

ቡችላ ከሆነና ከዓይኑ መግል ጋር አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስል፣ የሚያተኩስና ምግብ የተወ ከሆነ ግን የዓይን ጉዳይ አይደለም፤ ዲስቴምፐር የሚባለው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ አደገኛ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሌሎች ውሾች ወደሚጠብቁበት ክፍል ከመግባታችሁ በፊትም ከበር ላይ ንገሩን። ገና ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ (ዓይናቸው የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው) ቆቡ ካበጠ ደግሞ መግሉ ከተዘጋው ቆብ በስተጀርባ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ቆቡ በጥንቃቄ ተከፍቶ መግሉ ካልወጣ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ ከላይ የሚቀባ ቅባት አይደርስለትም።

የድመት ነገር ሌላ ነው። ድመት ላይ ዋናዎቹ ተጠያቂዎች የድመት ኸርፐስ ቫይረስ፣ እንዲሁም ክላሚዲያ እና ማይኮፕላዝማ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ቫይረሱን የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ቅባት የምንሰጠው ተደራቢውን ባክቴሪያ ለመከላከል ብቻ ነው። ክላሚዲያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓይን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የቆቡ ውስጠኛ ሽፋንም አብጦ ወደ ውጭ ይገፋል። ቴትራሳይክሊን ቅባት እዚህ ላይ በእርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ዓይን ላይ ብቻ ስለማይቀመጥ በአፍ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን እናዝዛለን፦ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ28 ቀን። በቤት ውስጥ ያሉ ድመቶች ሁሉ አብረው ይታከማሉ፤ አንዷ ከቀረች ሌሎቹን መልሳ ታስይዛለች። እንክብሉ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የምግብ ቧንቧዋን ስለሚያቆስል ከዋጠች በኋላ 5 ሚሊሊትር ያህል ውሃ በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ ወይም ትንሽ ምግብ አስከትሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ወይም ጠብታ ያለ ምርመራ የማንሸጠው በሚከተለው ምክንያት ነው። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን የሚል ስም ከአንቲባዮቲኩ ጎን ካያችሁ ስቴሮይድ አለበት ማለት ነው። ቅላቱን በፍጥነት ያጠፋል፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። የዓይኑ መስታወት ላይ ቁስል ካለ ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል፣ አንዳንዴም መስታወቱ እንደ ንፍጥ ቀልጦ በቀናት ውስጥ፣ ሲከፋም በአንድ ሌሊት ይበሳል። በድመት ላይ ደግሞ የተኛውን ኸርፐስ ይቀሰቅሳል። ቁስሉን በዓይን ብቻ አይቶ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም፤ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ጠብ ተደርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከሰው ሐኪም ታዞላችሁ የተረፈውን ቱቦ ለእንስሳው አትቀቡ ስንልም በአብዛኛው ይህን ፈርተን ነው።

ከዚህ የቀለለ፣ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥም ስሕተት አለ። ቴትራሳይክሊን በሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ 1% የሆነው የዓይን፣ 3% የሆነው የቆዳ ነው። ቱቦዎቹ ይመሳሰላሉ። የቆዳው ለዓይን ተብሎ ስላልተሠራ ዓይንን ይቆጠቁጣል፤ ስለዚህ «የዓይን» የሚለውንና መቶኛውን ሳታነቡ አትክፈቱ። ለቁስል የሚረጨው ሰማያዊ ስፕሬይም ወደ ዓይን አካባቢ አይቅረብ።

አንቲባዮቲክ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም እናስታውስ። ቴትራሳይክሊን ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማን ሲይዝ ሱዶሞናስ በሚባለው አደገኛ ባክቴሪያ ላይ ግን አይታመንም። ጄንታማይሲን 0.3% በተቃራኒው ሱዶሞናስን ይመታል፣ ክላሚዲያን ግን አይነካም። ኒዮማይሲንና ፖሊሚክሲን የተቀላቀሉበት ቅባት ለውሻ ጥሩ ቢሆንም በድመት ላይ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ በተቀባ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሣ ለድመት የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። ክሎራምፌኒኮል ከታዘዘላችሁ በጓንት ቀቡት፤ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ የመቅኔን ደም የማምረት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ግቢያችሁ ውስጥ የምትታለብ ላም ወይም ለዕርድ የታሰበ በግ ካለ፣ የውሻው ክሎራምፌኒኮል ወደ እነሱ እንዳይሻገር አደራ፤ ሥጋውና ወተቱ ለሰው በሚውል እንስሳ ላይ አይሠራበትም።

አቀባቡን ዘርዘር አድርገን እንጻፈው፤ ጥሩ መድኃኒት በመጥፎ አቀባብ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ዓይናሩ ደርቆ ከተጣበቀ አይላጥ፤ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ወይም በኖርማል ሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) የራሰ ጎዝ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ላዩ ላይ ይቀመጥና ሲላላ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ይጠረግ። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጎዝ ይሁን። ተራ ጥጥ ቃጫው ዓይን ውስጥ ስለሚቀር አንወደውም። ሻይ፣ ሎሚና የዳማከሴ ጭማቂም ይቅሩ፤ ምች ነው ብላችሁ ብታምኑም ለቆሰለ መስታወት ዳማከሴው እሳት ነው። መግል ላይ የተቀባ ቅባት ከመግሉ ጋር ተጠርጎ ስለሚወጣ ይህን ማጽዳት አትዝለሉት።

ትንሽ ውሻ ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ወደ ደረታችሁ አስጠግቶ ይቀመጥ፤ ድመት ደግሞ በፎጣ እንደ አራስ ትጠቅለል፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። ቱቦውን ከፊት ለፊት አታምጡበት፤ ጫፉ እየቀረበ ሲመጣ ያየ እንስሳ ሁሉ ያመልጣል። ከኋላና ከላይ ኑ። ቱቦ የያዘው እጃችሁ ግንባሩ ላይ ይደገፍ፤ እንስሳው ቢወራጭ እጃችሁም አብሮ ይሄዳል እንጂ ጫፉ ዓይኑን አይወጋም። በሌላው እጅ አውራ ጣት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ ስታደርጉ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። ቅባቱ የሚገባው እዚያ ነው፦ ለድመትና ለትንሽ ውሻ የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ ለትልቅ ውሻ እስከ 1 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ ቢጨመር ፊቱ ላይ ይፈስና ፀጉሩን ያጣብቃል እንጂ ትርፍ የለውም። ቆቡን ጨፈን አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ በሙቀቱ ቀልጦ ይዳረሳል። ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ስለሚልበት ግራ ቢጋባ አትደንግጡ። በደጋው ብርድ ጠዋት ላይ ቅባቱ ደርቆ አልወጣ ካለ ቱቦውን አንድ ደቂቃ እጃችሁ ውስጥ ያዙት፤ ምድጃ ላይ የሚያሞቁ ስላሉ ነው ይህን መጻፋችን።

ሁለቱም ዓይን ከታመመ የተሻለውን አስቀድሙ። የቱቦው ጫፍ ቆብም ፀጉርም አይንካ፤ ከነካ በንጹሕ ጎዝ ጠርጉትና የመጀመሪያዋን ቅባት ጣሏት። ጠብታም ቅባትም ታዞ ከሆነ ጠብታው ይቅደም፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቅባቱ ይከተል። ቅባቱ ከቀደመ ቅባትነቱ ጠብታውን አያሳልፈውም።

ቴትራሳይክሊን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1 እና ልትተኙ ስትሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብታደርጉት ይመቻል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ከመጀመሪያው ንገሩን፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚበቃ ሌላ መድኃኒት እንመርጣለን፤ የማይቀባ ቅባት ከማዘዝ ይሻለናል። በ2 ወይም 3 ቀን መሻል መታየት አለበት። ካልታየ መጠኑን አትጨምሩ፣ መልሳችሁ አምጡት። ከተሻለው ደግሞ በሦስተኛው ቀን አታቁሙ፤ በተለምዶ 7 ቀን ይቀባል፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሁለት ቀን ይጨመርበታል። ቅባቱ ከተጀመረ በኋላ ቅላቱ ጨምሮ ቆቡ ካበጠ ቅባቱ ራሱ አልተስማማውም ይሆናልና አቁሙና ደውሉልን። ውሻው ዓይኑን በእግሩ የሚያሽ ከሆነ የፕላስቲክ አንገትጌ ያስፈልገዋል፤ የሚያሳዝን ቢመስልም አንድ ቧጨራ የሳምንቱን ሥራ ያፈርሳል።

ቱቦው የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ከ28 ቀን በኋላ ግማሹ ቢተርፍም ይጣል። ለጎረቤት ውሻም አይዋስ።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትመጡባቸው አሉ፦ ዓይኑን ጨርሶ መግለጥ ካቃተው፣ መስታወቱ ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ፣ ጥቁሩ ክፍል በሁለቱ ዓይኖች የማይተካከል ከሆነ፣ ደም ከታየ፣ ወይም እንደ ሺ ትዙ ባሉ አፍንጫ ደፍጣጣ ውሾች ላይ ዓይኑ ከቦታው ወጥቶ ከተገኘ። ዓይን የተበሳ ከመሰላችሁ ምንም ቅባት አትቀቡ፤ ዘይታማው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ከባድ ብግነት ያስነሣል። የወጣ ዓይን በኖርማል ሳላይን በራሰ ጎዝ ተሸፍኖ፣ ሳይጫኑትና ሳይመልሱት፣ በፍጥነት ይምጣ።

ለምርመራ ስትመጡ በዚያ ቀን ጠዋት ቅባት አትቀቡ፤ የእንባ መለኪያውንም ቀለሙንም ያዛባል። ዓይናሩንም ሙሉ በሙሉ አትጥረጉት፣ ቀለሙንና ውፍረቱን ማየት እንፈልጋለን። እስካሁን የተቀባ ነገር ካለ ባዶ ቱቦም ቢሆን ይዛችሁት ኑ፤ ስሙን ከማስታወስ ቱቦውን ማየት ይቀላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክሊኒኩ የሕክምናና የመድኃኒት ክፍል