«ኤም ልዘዝ ወይስ ኤል?»

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን ቆይተን መጀመሪያ የላክሽልኝ ነገር የቀሚስ ፎቶ መሆኑ አሳቀኝ። ከሥሩም «ኤም ልዘዝ ወይስ ኤል?» ብቻ። ሰላምታ የለ፣ «አለሽ ወይ?» የለ። ትናንት ማታ የተለያየን ነው ያስመሰልሽው። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ማን እንደጠፋ አንከራከር። እዚህ ኔትወርክ ጠፋ፣ እዚያ ስልክሽ ተቀየረ፣ እኔም በልጅና በሱቅ መሃል ገባሁ፤ በቃ። ወሬውን ለሠርጉ ስትመጪ ጣና ዳር ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን። አሁን ሻጭዋ «ቶሎ ወስኚ፣ ሁለት ፍሬ ነው የቀረው» እያለችሽ ስለሆነ ወደ ቀሚሱ ልግባ። ሁልጊዜም ሁለት ፍሬ ነው የሚቀረው።

መልሴን ላስቀድም። ኤምም ኤልም አትዘዢ፤ መጀመሪያ ትከሻሽን አስለኪ።

ሱቄ አሁንም እዚሁ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ነው። ድሮ የምሰፋው አዲስ ልብስ ነበር። አሁን ከሥራዬ ብዙው በቴሌግራም ተገዝቶ የመጣውን ማስተካከል ሆኗል። ልጆቹ ዕቃቸውን ከመናኸሪያ ተቀብለው ቤት እንኳ ሳይደርሱ ወደኔ ይመጣሉ። ፌስታሉ እኔው ጋ ይከፈታል፣ መጋረጃው ጀርባ ይለካል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ያቺን ዝምታ አሁን በደንብ አውቃታለሁ።

የማስተካክለውና የማላስተካክለው እንዲህ ነው። ወገቡ ቢሰፋ አጠበዋለሁ። ቢረዝም አሳጥራለሁ። እጅጌ እቆርጣለሁ። በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ማስገባት ብዙም ሥራ አይደለም። ትከሻ ግን ሌላ ነገር ነው። የትከሻው ስፌት ክንድሽ ላይ ወርዶ ከተንጠለጠለ እጅጌውን መንቀል፣ ብብቱን እንደገና መቁረጥ፣ አንገቱን ሳላበላሽ መልሼ መግጠም አለብኝ። ገበር ካለው ይህን ሁሉ ሁለቴ። የምጠይቅሽ ዋጋ ቀሚሱን ከገዛሽበት ብዙ አይርቅም፤ ያም ሆኖ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ትከሻው ጠቦ ከመጣማ ጨርቁን ከየት አምጥቼ ልጨምር?

ሌላው መድኃኒት የሌለው ጥበት ነው። በልክ የሚሰፋ ልብስ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፤ ባለቤቷ ስትወፍር ይለቀቃል። የፋብሪካ ልብስ ግን ገልብጠሽ እዪው። አንድ ሴንቲ የምትሆን ትርፍ በኦቨርሎክ፣ ጠርዙን እየቆረጠ በሚሰፋው ማሽን፣ ተከርክማ ታገኛለሽ። ምንም የሚለቀቅ የለም። ስለዚህ በሁለት ሳይዝ መሃል ከሆንሽ ትልቁን ውሰጂ። ትከሻውም አብሮ ይሰፋል ልትይኝ ነው፤ ልክ ነሽ። ግን ከአንዱ ሳይዝ ወደ ቀጣዩ ትከሻ የሚጨምረው አንድ ሴንቲ ገደማ ነው፤ ደረት የሚጨምረው ደግሞ አራት አምስት። አንድ ሴንቲ ትከሻ ማንም አያይብሽም፤ አራት ሴንቲ የጠበበ ደረት ግን ዚፑ ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ኤምሽ ልምጣ። ኤምን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ግምት ነው የሚቆርጠው። አሜሪካኖች አንድ ወጥ ለማድረግ ሞክረው ነበር። በፈረንጆቹ 1939 እና 1940 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ለኩ፤ ከእያንዳንዷ 59 ልኬት ወሰዱ። ነጭ ያልሆኑትን ሴቶች ልኬት ከስሌቱ አወጡት። ከዚያ በ1958 ብሔራዊ የሳይዝ ደረጃ አወጡ። በ1983 ደግሞ ተሰረዘ፤ ሻጩ ሁሉ በየራሱ መንገድ ሄዶ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ልብሱን እያሰፉ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ገዢዋ «ቀነስኩ» ብላ ደስ ብሏት ትከፍላለቻ! ታዲያ እነሱ ያልተስማሙበትን ኤም እኔ ከፎቶ ላይ እንዴት ልንገርሽ?

ቁጥርም አያድንሽም። የጀርመን 38 ለፈረንሳዩ 40፣ ለጣሊያኑ 44 ነው። ሻጭዋ «38 ነው» ስትልሽ የማን አገር 38 እንደሆነ ጠይቂያት፤ እሷም ላታውቀው ትችላለች። ኢንችም ሊሆን ይችላል። የደረት 38 ኢንች 96 ሴንቲ ተኩል ነው።

የቻይና ልብስ ላይ ግን የምወደው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ አንገቱ ሥር ወይም ጎኑ ላይ ባለችው መለያ 160/84 ኤ የመሰለ ነገር ተጽፎ ታገኛለሽ። 160 የለባሿ ቁመት ነው፤ 84 የደረቷ ዙሪያ፤ ሁለቱም በሴንቲ። ኤ የምትለዋ የፈረንጅ ፊደል ቅርጿን ትናገራለች፤ ደረቷ ከወገቧ ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ይበልጣል ማለት ነው። ዋይ ከሆነ ወገቧ ከዚያም የቀጠነ ነው፤ ቢ እና ሲ እየሞላ ይሄዳል። አንቺ ያኔ ዋይ ነበርሽ። ከሁለት ልጅ በኋላ ግን አልምልልሽም። ኤም ብላ ከምትልክልሽ ይልቅ የዚያችን መለያ ፎቶ ብትልክልሽ ስንት ነገር ይቀልሽ ነበር።

አሁን ሜትር አውጪ። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ስለሚለጠጥ መጀመሪያ ከልጆቹ ማስመሪያ ጋር አስተያዪው። ብቻሽን አትለኪ፤ እጅሽን ስታነሺ ሁሉም ይቀየራል። ጎረቤት ጥሪ። ለሠርጉ የምታደርጊውን ጡት ማስያዣ አድርጊ። ደረት በጣም ሞላ ባለው ላይ፣ ሜትሩ ከኋላ ሳይወርድ። ወገብሽን ሱሪ የምትታጠቂበት ቦታ ላይ እንዳትለኪ፤ ወደ ጎን ዘንበል በይና ሰውነትሽ የሚታጠፍበትን ያዢ። ዳሌ ከዚያ ወደ 20 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ነው። ደግሞ ሆድሽን አታስገቢ። ሆድ ማስገባት ፎቶ ላይ ይሠራል፤ ጥሬ ሥጋው ከተበላ በኋላ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። ስትለብሺው ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» የሚልሽ ቀሚስ አይጠፋሽም። እሱን አልጋ ላይ ዘርጊው፤ አትወጥሪው። ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት ለኪ። ከብብት እስከ ብብት። ወገቡን፣ ዳሌውን። ከትከሻ እስከ ጫፍ። የደረቱን፣ የወገቡንና የዳሌውን በሁለት አባዢ። ከዚያ ሻጭዋን የሷ ቀሚስ በነዚሁ ቦታዎች ስንት እንደሆነ ጠይቂ። የሰውነትሽን ልክ ብቻ ከነገርሻት «ይሆንሻል የኔ ቆንጆ» ነው የምትልሽ። ሰንጠረዥ ከላከችልሽም የሰውነት ነው የልብስ ብለሽ ጠይቂ፤ ልዩነቱ ከባድ ነው። ደረትሽ 92 ሆኖ ቀሚሱም 92 ከሆነ፣ ጨርቁም የማይለጠጥ ከሆነ፣ መቀመጥ የለም፣ እስክስታማ አይታሰብም። ከስድስት እስከ አሥር ሴንቲ ትርፍ ይፈልጋል። የሚለጠጥ ጨርቅ ከሆነ እኩልም ቢሆን፣ ትንሽ ቢያንስም ይሄዳል።

«ፍሪ ሳይዝ ነው» ካለችሽ ዝም ብለሽ እለፊ። በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ለሁሉ ይሆናል የተባለ ቀሚስ እኔ ጋ ሲመጣ ለማንም ሆኖ አላየሁትም።

ፎቶውንም አትመኚ። ሞዴሏ ላይ እንዲያ የተጣበቀው ከኋላዋ በመርፌ ቁልፍ ወይም በመቆንጠጫ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሻጭዋ እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ ዘርግታ፣ ሜትር ላዩ ላይ አድርጋ በቪዲዮ ታሳይሽ። ጥሩ ነጋዴ ይህን አይከለክልሽም፤ እዚህ እንዲያውም ሳይጠየቁ የሚልኩ ልጆች አሉ። «ሥራ በዝቶብኛል እህት» ካለችሽ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ልክሽ ባይሆን ትቀይርልሽ እንደሆነ፣ የመላኪያውንም ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስመልሻት። በቴሌብር ብሩ ከሄደ በኋላ የምትሰሚው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው።

ስለ ጨርቁም ጠይቂ። እናትሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የማንንም ልብስ በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው «ይሄ ጥጥ አይደለም» ይሉ ነበር፤ ሰውየውም ያፍር ነበር። ስልክ ላይ ማሸት የለም። ስለዚህ የጨርቁ ዓይነት የተጻፈበትን መለያ ፎቶ አስልኪ። ፖሊስተር እዚያ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ምንም አይልሽም፤ እናንተ ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁ፣ እኛ 1,800 ገደማ ላይ ነን። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። በጥር ቀትር ድንኳን ውስጥ ገበር ባለው ፖሊስተር መቀመጥ ምን እንደሚመስል የባሕር ዳር ልጅ ነሽ፣ ልትረሺው አትችዪም። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሊሰበሰብ እንደሚችል እወቂ። ሲሸመን ተወጥሮ የቆየ ክር ውሃ ሲያገኝ ይለቃል፣ ጨርቁም ያጥራል። አንድ መቶ ሴንቲ ቀሚስ ላይ ሦስት ሴንቲ ቢሄድ ጉልበትሽ ይታያል።

ለመልሱ የሀበሻ ቀሚስ በኦንላይን አሠራለሁ ያልሽው ይሻላል፤ እሱ በልክሽ ነው የሚሰፋው። እዚያ የሚያስጨንቀኝ ቁመቱ ነው። ሌላ ቀሚስ ቢረዝም ከጫፉ እቆርጠዋለሁ። የሀበሻ ቀሚስ ጫፉ ላይ ጥበብ አለው፤ እሱን ቆርጬ የት ልጣለው? ከወገቡ ፈትቼ ወደ ላይ መሳብ ነው ያለኝ ምርጫ። ወገቡም ላይ ጥበብ ካለ ሁለታችንም ተቸገርን። ስለዚህ ቁመቱን ስታስለኪ የምትጫሚውን ጫማ ተጫምተሽ፣ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ ከትከሻሽ እስከ ወለል ይለካ። ከዚያ ሁለት ሴንቲ ቀንሺ፣ እንዳይረገጥ። ባዶ እግርሽን ተለክተሽ በተረከዝ ጫማ ከመጣሽ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይቀራል፤ እሱን ማስረዘም ከኔ አቅም በላይ ነው። ከሠርጉ በፊትም አትጠቢው፤ ሸማ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።

ጫማውን ግን ተዪው። እዚህ መጥተሽ ተጫምተሽ እንገዛለን። የአውሮፓ ቁጥር የሚቆጥረው ጫማው የሚሠራበትን ቅርጽ ርዝመት ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌላው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ይበልጣል። ስለ ስፋቱ ምንም አይነግርሽም። ያንቺ እግር ደግሞ ሰፊ ነው፤ አትቆጪ።

ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ላኪልኝ። የዚያን የሚያምርብሽን ቀሚስ ልኬት፣ ሻጭዋ የምትሰጥሽን ልኬት፣ የመለያውን ፎቶ። አስተያይቼ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ እንዳትከፍዪ። ቀሚሱን ይዘሽ ደግሞ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ድረሺ። ሠርጉ ሲቃረብ ሱቄ እግር ማስገቢያ የለውም፤ አንቺን አስቀድሜ ብሰፋ ተራ የሚጠብቁት ይጮሁብኛል። ማደሪያሽ እኛ ጋ ነው፣ ስለ ሆቴል እንዳትጠይቂኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ መንገዱ የማይከብዳቸው ከሆነ አብረውሽ ይምጡ፤ እኔም አንዳንድ ጨርቅ የማሳያቸው አለኝ።

ያንቺው፣
የሽምብጥ ሰፈሯ ጓደኛሽ